ከሆቴል አዳራሽ ወደ እድር ድንኳን

ይህን የምጽፈው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በቆሙበት ሰፈር እየኖረ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ እንኳ እየቀረ ለመጣበት ሰው ነው። እኛ አዳማ ላይ እዚያ ደርሰን ነበር። አሁን ደህና ነን። ሁሉ ነገር አልተፈታም፤ ግን እንነጋገራለን። የመጣንበትን መንገድ ብነግራችሁ እኛ ያባከንነውን ጊዜ እናንተ ታተርፉት ይሆናል።

የወንጌል አማኝ ነኝ። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት አገለግላለሁ፤ የእድራችንም ጸሐፊ ነኝ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ጎረቤቶቼ በግራ ሙስሊም፣ በቀኝ ካቶሊክ ናቸው። አዳማ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ከተማዋን ያሳደጋት ባቡሩና የመኪናው መንገድ ነው፤ ሰዉም ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሥሯ እዚሁ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሆስፒታል ከፍተው የሠሩበት ከተማ ነው። የኦሮሞን ነባር እምነት የሚከተለው ዋቄፈታውም በዙሪያችን አለ። ታዲያ ይህን ያህል ተቀላቅለን እየኖርን ጸብ ከየት መጣ?

ከድምፅ ማጉያ ነው የመጣው። ትስቁ ይሆናል። የአዳማን ንፋስ የምታውቁ ግን አትስቁም። በበጋ ሲነሳ ቆርቆሮውን ሁሉ ያንቋቋል፤ ድምፅም ይዞ ይሄዳል። ሌሊት ኪዳን አለ። ጎህ ሳይቀድ አዛን አለ። ዓርብ ማታ ደግሞ የእኛ የአዳር ጸሎት አለ። ሦስቱም ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። ሁሉም የራሱን ጸሎት፣ የሌላውን ጩኸት ይለዋል። ሕፃን ያላት እናት ግን የማንንም አትለይም፤ እንቅልፍ ነው ያጣችው።

ነገሩ የፈነዳው መስከረም 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ደመራና መውሊድ አንድ ቀን ዋሉ። እኛ ደግሞ ይህን ሳናይ የአዲስ ዓመት ኮንፈረንሳችንን መዝጊያ በዚያው ቀን አድርገነዋል። መንገዱ አንድ ነው። ከወዲህ የሰፈሩ ደመራ ከበሮ፣ ከወዲያ መንዙማ፣ ከመሃል የእኛ ኪቦርድ። ማንም ማንንም አልሰደበም። ማታ ላይ ግን አጫጭር ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ወጡ። አንዱ "ሆን ብለው በዓላችንን ረበሹ" ይላል። ሌላው ያንኑ ይላል፣ አቅጣጫውን ብቻ ገልብጦ። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችን መስኮት ተሰብሮ አገኘነው። የመስጊዱም የድምፅ ገመድ ተቆርጧል። ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከዚያ የባሰው መጣ፤ "ከእነሱ ሱቅ አትግዙ" መባል ተጀመረ። ስኳር በዱቤ ሲሰጠን የኖረውን ባለ ሱቅ አልፈን ሩቅ ሄደን መግዛት ጀመርን። ያ ነው ያስፈራኝ። መስኮት በመስታወት ይተካል፤ የዱቤ ደብተር ከተዘጋ ግን መልሶ ማስከፈቱ ቀላል አይደለም።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቱም ድርጅቱም ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሲሰበሰብ እዚህ ነው የሚመጣው። እኛም ችግር ሲገጥመን መጀመሪያ የታየን ሆቴል ነው። ስፖንሰር ተገኘ። ባነር ተሰቀለ። የሻይ እረፍት አለ፣ ምሳ አለ፣ አበል አለ። ከየእምነቱ ሰው ተጠራ፤ ግማሹን ሰፈር ውስጥ አይቼው አላውቅም።

መድረኩ የተከፈተው በነጃሺ ታሪክ ነው። ታሪኩ ትልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሲወጡ ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ አስጠልሏቸዋል። የማይኮራበት ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ ይህን የካደ ሰው አልነበረም። የተጣላነው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ስለ ድምፅ ማጉያው ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ከምሳ በኋላ ጥያቄና መልስ ሆነ። አንዱ ተነስቶ ስለ ሥላሴ ጠየቀ። ሌላው ስለ ሥዕል አነሳ። ሦስተኛው የቁርኣን አንቀጽ ጠቅሶ "ይህን አብራሩልን" አለ። ከዚያ ወዲያ ውይይቱ ሁሉ ክርክር ሆነ። የእድራችን ዳኛ ሐጂ በዝምታ ተነስተው ወጡ። የደብሩ አገልጋይ አባም ብዙ አልቆዩም። ማታ ፎቶው ተለጠፈ፤ ሁላችንም እጅ ለእጅ ተያይዘን እንስቃለን። ያን ፎቶ ያየ የሰፈር ልጅ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? "አበላቸውን በሉ" አለ።

ስለዚህ አንደኛ፣ አበል ካለበት ስብሰባ አትጀምሩ። ገንዘቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አበል ሲኖር የሚመጣው ሰው ይለወጣል። የተጣላው ሰው ይቀርና ስብሰባ የለመደው ይመጣል። ሁለተኛ፣ ባልተዋወቀ ሰው ፊት የዶግማ ጥያቄ አትክፈቱ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የራሱ ጊዜ አለው፣ የራሱ መቀመጫም አለው። ሦስተኛ፣ ካሜራ ካለ ሰው ለካሜራው ነው የሚናገረው። በተለይ የሃይማኖት አባት ከሆነ ከኋላው ምእመን እንዳለ ያስባል፤ ለስለስ ያለች ቃል እንኳ ሊያወጣ አይደፍርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። በአገር ደረጃ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተ ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፣ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ካቶሊክ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ አድቬንቲስት ሁሉ አባል ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ለጠቅላይ ምክር ቤቱና ለወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ተሰጥቷቸዋል። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ደብዳቤ ስትጽፉ ለማን እንደምትጽፉ ታውቃላችሁ፤ "በግላችሁ ተነስታችሁ ነው" የሚላችሁ ሲመጣም ከላይ ያሉት አባቶች አብረው እንደሚቀመጡ ትነግሩታላችሁ። ነገር ግን ጉባኤው የእናንተን ሰፈር የድምፅ ማስተካከያ፣ የሚክሰሩን ቁልፍ ማን እንደያዘ አያውቅም። ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩን የቀየረው ለቅሶ ነው።

በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.። ጾሙ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሰፈራችን እናት የነበሩ አንድ ባልቴት አረፉ። ትልቁ ልጃቸው ከእኛ ጋር የሚያመልክ ወንድም ነው። ሴቷ ልጃቸው ኦርቶዶክስ ናት። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ጭቅጭቅ ተነሳ። ልጁ "የእኔ ቤተ ክርስቲያን ትሸኛቸው" ይላል። ልጅቷ "እናቴ ያለ ፍትሐት አትቀበርም" ትላለች። የእኛ መጋቢ አንዱ ጥግ ቆመዋል፤ አባ ሌላው ጥግ። እኔን ሁለቱም ያዩኛል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፣ የእድር ጸሐፊም ነኝ። የመስከረሙ ቂም ገና አልበረደም። ድንኳን የሚተክሉት ልጆች ሥራቸውን አቁመው የሚሆነውን ይጠብቃሉ።

ሐጂ መጡ። የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸውና ማንም "አይመለከትዎትም" ሊላቸው አይችልም። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጾመኛ ናቸው። አባም ጾመኛ ናቸው። ቁርሴን በልቼ የመጣሁ እኔና መጋቢያችን ብቻ ነበርን፤ ኀፍረት ቢጤም ተሰምቶኛል። ሐጂ ወንበር አስመጥተው ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀመጡ። ስብከት የለ፣ ምክር የለ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ነፍስ አባታቸው ማን ነበሩ?"

ልጅቷ ወደ አባ አመለከተች። ልጁ ዝም አለ።

"እንግዲህ የሞቱት እሳቸው ናቸው፤ እናንተ አይደላችሁም" አሉ ሐጂ። "እሳቸው የመረጡትን አክብሩላቸው።" ከዚያ ወደ አባ ዞሩ። "አባ፣ ልጁስ? እናቱን አይሸኝም?"

"ይሸኝ እንጂ! ማን ከለከለው?" አሉ አባ። "ቃሬዛውንም ይያዝ። ወንድሞቹም ማታ ድንኳኑ ውስጥ ቢያጽናኑት እኔ ምን አገባኝ?"

በቃ። ያን ሁሉ ጭቅጭቅ የፈታው ይህ ነው። ፍትሐቱ ተደረገ። ልጁ ቃሬዛውን ያዘ። በሁለተኛው ቀን ማታ የእኛ ዘማሪዎች ያለ ድምፅ ማጉያ በለሆሳስ ዘመሩ። አባ ራሳቸው እስኪያልቅ ተቀምጠው ነበር። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ለክርስቲያን ልጆች የክርስቲያን ጥያቄ ጠይቀው አስታረቁ። እኛ በሆቴል አዳራሽ ያላገኘነው ይህ ነበር። የሌላውን ሥርዓት አውቆ፣ በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሆኖ መጠየቅ።

ማታ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሐጂና ሌሎች ሙስሊሞች እዚያው ድንኳን ውስጥ በቴምርና በውሃ አፈጠሩ። ከዚያ ምግብ ቀረበ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን በዘይት። ሁሉም ከአንድ ድስት፣ ሁሉም በአንድ ትሪ። በእኛ አገር የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ እንደማይቀላቀል ታውቃላችሁ። ሠርግ ላይ ሁለት ጓዳ፣ ለቅሶ ላይ ሁለት ጓዳ ነው። በዚያን ቀን ግን ሥጋ ስለሌለ "ማን አረደው?" የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የምንሰበሰብበት ቀን ምንም ይሁን ምን የምናቀርበው የጾም ምግብ ነው። ይህን ምክር ከሁሉ በላይ ያዙልኝ። ርካሽም ነው፤ ማንንም አያሳቅቅም።

ጓዳ ገብቼ ደግሞ ተገረምኩ። የእድራችን ሴቶች ለሙስሊሙ ለብቻ የተቀመጡትን ድስቶችና ጭልፋዎች በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገውባቸዋል። ማን መቼ እንደጀመረው አያስታውሱም። ስንት ዓመት አብረው ሲያበስሉ፣ አንዷ የሌላዋን ሕግ ስትጠብቅ ኖረዋል። በመስከረሙ ጸብ ጊዜ እንኳ አልተኳረፉም። እኛ ወንዶቹ ሆቴል ሄደን "የአብሮነት እሴት" ስንል ነገሩ ጓዳችን ውስጥ ነበር። ሆቴል የጠራነው ግን አንዳቸውንም አልነበረም።

ከሰልስቱ በኋላ ሐጂ፣ አባ፣ መጋቢያችንና ከሴቶቹ ሁለቱ እድር ቤት ተቀመጥን። ስብሰባ ብለን አልጠራነውም። ዕቃ ልንቆጥር ነው የተገናኘነው። ሳህኑን እየቆጠርን ስለ ድምፅ ማጉያው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ መገናኛችን እድር ቤት ነው። ቤቱ የማንም እምነት አይደለም። መስጊድ ግባ፣ ቤተ ክርስቲያን ግባ ብሎ ማስጨነቅ የለም። የሻዩን ሁሉም ከኪሱ ያዋጣል።

አከፋፈታችን ላይ ትንሽ ተወዛግበናል። በማን ጸሎት ይከፈት? በተራ እናድርገው ያለ ነበር። የእኛው መጋቢ እምቢ አሉ፤ ኢማሙም ደስ አላላቸውም። እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰው በማያምንበት ጸሎት አሜን እንዲል ማስገደድ ከጅምሩ ያበላሻል። በመጨረሻ ሁሉም በየልቡ ለጥቂት ጊዜ በዝምታ ይጸልይ ተባለ። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። አብሮ ማምለክና አብሮ መሥራት ሁለት ነገር መሆኑን አስቀድማችሁ ብትናገሩ ብዙ ጥርጣሬ ታስቀራላችሁ።

ስለ ድምፁ የተስማማንበት መንገድ ቀላል ነበር። አንድ ወጣት ስልኩ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫነ። በአገራችን የመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ልጁ ከየቤቱ ደጅ እየቆመ ለካ። የሁላችንም ከልክ በላይ ሆነ! ሳቅ ሆነ። ማንም በማንም ላይ ጣት መቀሰር አልቻለም። ከዚያ ዝርዝር ገባን። አዛኑ አጭር ስለሆነ ይቀጥላል፤ ድምፁ ግን ይቀንሳል። የሌሊቱ ኪዳን በውስጥ ድምፅ ማጉያ ይሆናል። የእኛ አዳር ጸሎት መስኮት ተዘግቶ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከበሮም ኪቦርድም ወደ ውጭ አይወጣም። ዓመታዊ በዓል ሲሆን ለሁሉም ነጻ ነው፤ ግን አስቀድሞ ይነገራል።

ስምምነቱን የፈረሙት ታላላቆቹ ናቸው። የጠበቁት ግን የሦስቱ ቤቶች የድምፅ ባለሙያ ልጆች ናቸው። ቁልፉን የሚያዞሩት እነሱ ናቸዋ! የራሳቸውን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። መጀመሪያ ስለ ሰዓት ነበር የሚጻጻፉት፤ ኋላ ስለ ዕቃ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሚክሰራችን ተቃጠለ። እሑድ ጠዋት አምልኮ አለ። የመስጊዱ ልጅ መጥቶ እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀምጦ ጠገነልን። ስለዚህ በሰፈራችሁ መነጋገር ስትጀምሩ ቄሱን፣ ኢማሙንና ፓስተሩን ብቻ ጠርታችሁ አትቅሩ። ሚክሰሩን የሚነካውን ልጅ ጥሩት።

ሁሉ ነገር ቀና ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዳንዶች "ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ" የሚለውን ቃል ይዘው መጡብኝ። "ሃይማኖቶችን አንድ ሊያደርጉ ነው" የሚል ወሬም ነበር። አልተከራከርኩም። የቃለ ጉባኤውን ደብተር አምጥቼ አነበብኩላቸው። የድምፅ ሰዓት፣ የቀብር ሥርዓት፣ የእድር ዕቃ። የትምህርተ ሃይማኖት ነገር አንድም መስመር የለበትም። ግማሾቹ ረኩ። የቀሩት አሁንም አልረኩም፤ ከእኔ ጋር ሻይ ግን ይጠጣሉ። ቃለ ጉባኤ ያዙ። ምን እንዳላችሁ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳላላችሁም ያስመሰክርላችኋል።

በዚሁ ጉዳይ ካቶሊኩ ጎረቤቴ ረድቶኛል። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከሌሎች እምነቶች ጋር ስለሚኖር ግንኙነት መግለጫ አውጥታለች። ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምትመለከት እዚያ ላይ ተጽፏል። አንድ ዲያቆን ደግሞ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ሲመሠረት መሥራች አባል እንደነበረች አስታወሰን። ይህን ስንሰማ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ተደነቁ። የየራሳችሁን ቤት አቋም ጠይቁ፤ ከጠበቃችሁት የሰፋ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲያውም የእኛ ሰፈር ልምድ የሚለው፣ ከሙስሊሙ ጋር ከመስማማት ይልቅ እኛ ክርስቲያኖቹ እርስ በርስ መስማማቱ ከብዶናል። ከሙስሊሙ ጋር እንደምንለያይ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ግን በአንድ መጽሐፍ ነው የምንጣላው። አንዳችን የሌላችንን ምእመን ወሰድህብኝ እንባባላለን። ይህን ሳንነጋገርበት ወደ ሌላው እምነት ብንሮጥ፣ በሐጂ ፊት ነው የምንጨቃጨቀው። እንደዚያም ሆኖ ያውቃል።

አባ ወደ ሌላ ደብር ተዛወሩ። ያን ጊዜ ነው የተናወጥነው። አዲስ የመጡት አባት ስምምነት እንዳለ የሚያውቁት ነገር የለም። ወረቀቱ ያለው እድር ቤት ነው፤ የደብሩ ጽሕፈት ቤት ቅጂ የለውም። ሳምንት ሳይሞላ ድምፅ ማጉያው ተመልሶ ወደ ውጭ ዞረ። መስጊዱም "ታዲያ እኛስ?" አለ። አንድ ወር ያህል ወደ ድሮው ተመለስን። ሐጂ አዲሱን አባት እቤታቸው ሄደው ጠየቋቸው። ቅሬታ ይዘው አልሄዱም፤ "እንኳን ደህና መጡ" ሊሉ ነው የሄዱት። ነገሩ በሁለተኛው ጉብኝት ተስተካከለ። አሁን ወረቀቱ በየቤቱ ማኅደር ውስጥ ከነማኅተሙ አለ። ዓመቱ ሲገባም እንደገና እናነበዋለን። አዲስ አገልጋይ፣ አዲስ ኢማም፣ አዲስ ፓስተር ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ሆነን ሄደን እንጠይቃለን።

ሌላው ትልቅ መሣሪያችን የጋራ ካላንደር ነው። የሂጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳንና ኢድ በየዓመቱ ቀደም እያሉ ይመጣሉ። ጨረቃዋ አንድ ቀን ታዛንፈው ይሆናል እንጂ የትኛው በዓል ከየትኛው ጋር እንደሚጋጠም አስቀድሞ ይታወቃል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ነው የገቡት። እኛ ጥር ላይ ተቀምጠን የማታውን ፕሮግራም ሁሉ አስማምተን ነበር። ኮንፈረንሳችንም ከመስቀል ሳምንት ወጥቷል። በመስከረም 2016 ይህች ወረቀት ብትኖረን ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር እላለሁ።

ካላንደሩን ስንሠራ አንድ አዛውንት ዋቄፈታ ነበሩ። እድሩ ውስጥ የቆዩ ሰው ናቸው። እኛ በየስብሰባው "ሦስቱ እምነቶች" እንላለን። አንድ ቀን ፈገግ ብለው "እኔ እንግዲህ አራተኛ ሆኜ ልቁም ወይስ ልሂድ?" አሉ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። በበነጋው ኢሬቻ ካላንደሩ ላይ ገባ። ከሰፈራችን ብዙ ወጣት ለሆራ አርሰዲ ወደ ቢሾፍቱ በሌሊት ነው የሚነሳው። አሁን አውቶብሶቹ ከየት እንደሚነሱ፣ መንገዱ በየት እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ይታወቃል። በሰፈራችሁ ማን እንዳልተጠራ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ያለው ነው።

ድምፁ ጋብ ሲል "እሺ፣ አሁንስ?" አልን። ጸብ ማብረድ ብቻውን ሰው አያገናኝም። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ናት። ክረምት ሲገባ ውሃው ከየተራራው ወርዶ ዝቅ ባለው ሰፈር ይከማቻል። የእኛ ሰፈር ዝቅ ያለው ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አካፋና ዶማ ይዘን የጎርፍ መውረጃውን ቦይ አብረን መጥረግ ጀመርን። የጭቃ ሥራ ለመተዋወቅ ይመቻል። ማንም ልብሱን አይጠብቅም፣ ማንም አይሰብክም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ እናሰባስባለን። ማን ይውሰድ የሚለውን የሚወስኑት የእድሩ ሴቶች ናቸው፤ የቤቱን ጓዳ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ።

የእምነት ጥያቄም ቀስ ብሎ መጣ። ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። "ለምን ነው ስትጾሙ ውሃ እንኳ የማትጠጡት?" ብሎ አንዱ ጠየቀ። ኢማሙ መለሱ። ማንም አልተቆጣም። አንድ ደንብ ብቻ አለን፤ ሰው ስለ ራሱ እምነት ይናገራል፣ ስለ ሌላው እምነት አይናገርም። "እናንተ እኮ እንዲህ ነው የምታምኑት" የሚል አረፍተ ነገር እድር ቤታችን ውስጥ ክልክል ነው።

ያልቻልነውም አለ። በእምነት መካከል የሚሆን ጋብቻ አልቻልነውም። አንዴ ሞክረን ሁለቱንም ቤተሰብ አስቀየምን። አሁን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣ በኮሚቴ አናነሳውም፤ ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ አንድ ሽማግሌ ብቻ ይሄዳል። ሁሉ ነገር በጋራ አይፈታም፤ አንዳንዱን መተው እንዳለብን ገብቶናል።

የመቃብር ቦታም አላለቀም። እኛ ወንጌል አማኞች በቂ ቦታ የለንም። ሰው ሲሞትብን ሩቅ ነው የምንሄደው። ባለፈው ጊዜ ብቻችንን ያስገባነው ማመልከቻ መልስ አላገኘም። ሐጂ "ለምን ብቻችሁን ጻፋችሁ?" ብለው ተቆጡን። አዲሱ ደብዳቤ የመስጊዱ፣ የደብሩ፣ የካቶሊኩና የዋቄፈታው አዛውንት ፊርማ አለበት፤ የእድሩም ማኅተም አርፎበታል። ሰኞ እናስገባዋለን። ይዘው የሚገቡት ሐጂና አዲሱ አባ ናቸው። እኔ ቅጂውን ይዤ እከተላለሁ።